ሰማይ ያረሰ ሰው



«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን አባባል በዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ልጆች ሳለን ሰምተነዋል፤ ካደግን በኋላም አፋችንን እንድንይዝ ሲመክሩን ደጋግመው ነግረውናል። ዛሬ የማወራችሁ ሁለቱንም ስላደረገ ሰው ነው። ስሙ ዣን ዶሚኒክ፣ አገሩ ሄይቲ ነው። የተማረው ግብርና ነበር። በሙያው እንዳይሠራ ሲከለከል ወደ ሬዲዮ ገባና ሰላሳ ዓመት ያህል አየሩን አረሰ፤ የተፈራረቁትንም ገዢዎች በየተራ ከሰሰ። ኤፕሪል 3 ቀን 2000 ማለዳ ሥራ ሊገባ ሲል በጣቢያው ግቢ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

«ሄይቲ ከእኛ ጋር ምን አላት?» የሚል ይኖራል። ዕዳ አለብን። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ሲወረን፣ ጄኔቭ በተሰበሰበው የመንግሥታት ማኅበር ትልልቆቹ መንግሥታት ቃላቸውን ያላምጡ ነበር። የሄይቲው መልእክተኛ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ግን ተነሥተው፣ ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ጥቁርም ሆነ ነጭ፣ ማንኛውም አገር አንድ ቀን የሌላው «ኢትዮጵያ» ሊሆን እንደሚችል ለጉባኤው ተናገሩ። ብዙዎች ባመነቱበት ቀን የቆመችልን አገር ናት። የዚያች አገር ልጅ ታሪክ በእኛ ዘንድ አለመታወቁ ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ምክንያቴ የግል ነው። ያደግሁት በደርግ ዘመን ነው። አባቴ ማታ ማታ፣ በርና መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ፣ ትራንዚስተሩን ጆሮው ላይ ለጥፎ አንዳንዴ የጀርመን ድምፅን፣ አንዳንዴ የአሜሪካ ድምፅን ይሰማ ነበር። ድምፁን ዝቅ ከማድረጉ የተነሣ እኛ ልጆቹ የሚሰማን ሹክሹክታና የሞገድ ጩኸት ብቻ ነው። እናቴ ግቢው በር ላይ ኮሽታ ታዳምጣለች። ሬዲዮ የሚያሳስር ነገር መሆኑን ያወቅሁት ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የዣን ዶሚኒክን ታሪክ ሳገኝ ያ ትራንዚስተር ትዝ አለኝ። ከወዲያኛው ወገን፣ ማይክሮፎኑ ጋ የተቀመጠው ሰው ምን ይከፍል እንደነበር ያን ጊዜ አስቤው አላውቅም ነበር።

ዣን የተወለደው በ1930 በዋና ከተማዋ በፖርቶፕሪንስ ነው። ቤተሰቡ የተመቸው፣ ቆዳው ቀላ ያለ፣ ፈረንሳይኛ የሚናገር የከተማ ቤተሰብ ነበር። በሄይቲ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ ሰውየው ከታችኛው ሕዝብ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም ማለት ነው። ዣን ግን ፓሪስ ሄዶ ያጠናው ሕግ ወይም ሕክምና ሳይሆን ግብርና ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ተመልሶ ከገበሬ ጋር ሊሠራ ገጠር ወረደ። የገበሬውን የመሬት ጥያቄና የገበሬውን ቋንቋ በቅርብ ያወቀው በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ነው። ኋላ በሬዲዮ የሠራው ሁሉ ከዚያ የተቀዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1957 ፍራንሷ ዱቫሊዬ ሥልጣን ያዘ። ሐኪም ስለነበር ሕዝቡ «ፓፓ ዶክ» ይለዋል። በጁላይ 1958 ሦስት ስደተኛ የሄይቲ መኮንኖች አምስት አሜሪካውያን ይዘው በባሕር ገቡና ፖርቶፕሪንስ መሐል ያለውን የጦር ሰፈር ያዙ። ስምንት ሰው መንግሥት ሊገለብጥ! ብዙም ሳይቆይ ተከበው ተገደሉ። ከሦስቱ መኮንኖች አንዱ ፊሊፕ ዶሚኒክ፣ የዣን ወንድም ነበር። በወንድሙ ሥራ ዣን ታሰረ፤ ጎናኢቭ በምትባለው ከተማ ስድስት ወር ታስሮ ወጣ። ሲፈታ በግብርና ሙያው እንዳይሠራ ተከለከለ። መሬት እንዲህ ነው የተነፈገው።

በመጀመሪያ የሞከረው ሲኒማ ነበር። የፊልም ክበብ አቋቁሞ ወጣቶችን እየሰበሰበ ፊልም ያሳይ፣ ከፊልሙ በኋላም ያወያይ ነበር። ፈረንሳዊው አለን ሬኔ ስለ ናዚ የማጎሪያ ካምፖች የሠራውን ዶክመንታሪ ካሳየ በኋላ መንግሥት ክበቡን ዘጋው። ፊልሙ ስለ ሄይቲ አንድ ቃል የለበትም፤ ተመልካቹም ሆነ ፖሊሱ ግን ስለ ማን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ሰምና ወርቅ እኛ ብቻ ያለን ሀብት እንዳይመስለን።

ወደ ሬዲዮ የገባው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አሥርቱ ዓመታት ሊያልቁ ሲሉ ጣቢያውን ራሱ ያዘውና «ራዲዮ ሄይቲ-ኢንተር» አሰኘው። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ የሥራው ፍሬ ያለው እዚህ ነውና።

ሄይቲ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚናገረው ክሪዮል ነው። ፈረንሳይኛን አሳምሮ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ነገር ግን ሕግ የሚጻፈው፣ ፍርድ የሚሰጠው፣ ትምህርት የሚሰጠው፣ ዜና የሚነበበው በፈረንሳይኛ ነበር። ክሪዮል በሬዲዮ ከተሰማ ለዘፈን፣ ለቀልድና ለሳሙና ማስታወቂያ ነው። ገበሬው ስለ ራሱ መሬት የወጣውን አዋጅ በማይሰማው ቋንቋ ይሰማል። ፍርድ ቤት ቆሞ የተፈረደበትን ነገር ከአስተርጓሚ አፍ የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚሰማው፣ በእኛም አገር ይህ የደረሰበት ሰው ብዙ ነውና፣ መግለጽ አያስፈልገኝም።

ዣን ዜናውን፣ ትንታኔውን፣ ቃለ ምልልሱን በክሪዮል አደረገው። ከዚያም አልፎ ጋዜጠኞቹን ቴፕ መቅረጫ አሸክሞ ገጠር ሰደዳቸው። ሩዝ አምራቹ የአርቲቦኒት ሸለቆ ገበሬ፣ ገበያተኛዋ ሴት፣ የቮዱ ካህኑ በራሳቸው ድምፅ አየር ላይ ዋሉ። አንድ አዋቂ «የገጠሩ ሕዝብ ችግር አለበት» ብሎ ሲናገር መስማት አንድ ነገር ነው። ገበሬው ራሱ «መሬቴን የወሰደብኝ እገሌ ነው» ሲል መስማት ሌላ ነው። ሁለተኛውን አንድ ሺህ ገበሬ በየቀዬው ይሰማዋል፤ የእሱም መሬት እንደዚሁ የተወሰደ መሆኑን ያን ጊዜ ያውቃል። አምባገነን የሚፈራው ይህን ነው። ስድብ አያስፈራውም፤ ሲሰደብ ኖሯል። ተለያይተው የሚሰቃዩ ሰዎች ሥቃያቸው አንድ መሆኑን መስማታቸው ግን ያስፈራዋል።

እሱ ራሱ ማይክሮፎን ላይ ሲቀመጥ እንዴት እንደነበር የሚያሳይ ፊልም አለ። የአሜሪካው ዳይሬክተር ጆናታን ዴሚ ለዓመታት ሲቀርጸው ቆይቶ በ2003 «አግሮኖሚስቱ» በሚል ስም ዶክመንታሪ አድርጎ አወጣው። ቀጭን ሰው ነው፤ ፒፓው ከእጁ አይለይም። ሲናገር በዓይኑም በእጁም ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ድንገት ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ አድማጩን ወደ ሬዲዮው ይስበዋል። ከዚህ የተዋጣለት አነጋገር ማንም የሬዲዮ ሰው ሊማር ይገባል።

ዱቫሊዬ አባትየው በ1971 ሲሞት የ19 ዓመት ልጁ ዣን ክሎድ አልጋውን ወረሰ። እንደ አባቱ ጨካኝ ነበር፤ ግን የአሜሪካ ዕርዳታ ይፈልግ ስለነበር ትንሽ ለቀቅ ያለ መሰለ። ጋዜጠኞቹ በዚያች ቀዳዳ ገቡ። ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት ተመርቃ የመጣችው ሚሼል ሞንታስ በዚህ ጊዜ ከዣን ጋር መሥራት ጀመረች፤ ኋላ ባለቤቱ ሆነች። የዜና ክፍሉን ያደራጀችው እሷ ናት። ስለ ዱቫሊዬ በቀጥታ መናገር ሞት ስለሆነ ስለ ኒካራጓ ይናገሩ ነበር። በጁላይ 1979 የኒካራጓው አምባገነን ሶሞዛ ሲወድቅ ሄይቲ-ኢንተር ዜናውን እየተከታተለ አሰማ። ቃሉ ሁሉ ስለ ሌላ አገር ነው። አድማጩ ግን ወርቁን ያወጣ ነበር።

በ1980 መኸር ከመቶ የሚበልጡ የሄይቲ ስደተኞች ጀልባቸው ካዮ ሎቦስ በምትባል ሰው በማይኖርባት የባሃማ ደሴት ላይ ጥሏቸው ለሳምንታት ተራቡ፤ መንግሥታቸው ዞሮ አላያቸውም። ሄይቲ-ኢንተር ጉዳዩን አልለቅ አለ። ወገኖቻችን በየበረሃውና በየባሕሩ የሚያልቁብን ሰዎች ነንና፣ ይህን ታሪክ ሳነብ ልቤ የሌላ አገር ታሪክ አድርጎ ሊቀበለው አልቻለም። በኖቬምበር መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሬገን ተመረጠ፤ የፖርቶፕሪንስ ሹሞች የሰብአዊ መብት ጥያቄ አበቃ ብለው ደመደሙ። ኖቬምበር 28 ቀን 1980 ጣቢያውን ወረሩ። ዕቃውን ሰባበሩ፤ ሚሼልንና ሌሎቹን ጋዜጠኞች አሰሩ፤ ኋላም ከአገር አባረሩ። ዣን ቬንዙዌላ ኤምባሲ ተጠግቶ ነፍሱን አዳነ። ከዚያ ኒውዮርክ፣ ስደት።

ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1986 ዱቫሊዬ ልጅየው ፈረንሳይ ሸሸ። በሚቀጥለው ወር ዣንና ሚሼል ተመለሱ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስድሳ ሺህ ያህል ሰው ወጥቶ እንደተቀበላቸው ይነገራል። ለአንድ ጋዜጠኛ! ጣቢያው ፍርስራሽ ስለነበር ሕዝቡ ገንዘብ አዋጣ። ድኻው ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ማሰራጫ አስተከለ። በሚቀጥለው ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት ክሪዮልን ከፈረንሳይኛ እኩል የመንግሥት ቋንቋ አደረገው። ይህን ያደረገው ዣን ብቻውን ነው አልልም፤ ቁም ነገር በክሪዮል እንደሚነገር ለዓመታት ባያሳይ ኖሮ ግን ነገሩ ይዘገይ ነበር።

ከዱቫሊዬ በኋላ የመጡትን የወታደሮቹን ዓመታት አልፋቸዋለሁ። በዲሴምበር 1990 ቄሱ ዣን ቤርትራን አሪስቲድ በነፃ ምርጫ ተመረጡ። ዣን ደገፋቸው። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1991 ጦሩ ገለበጣቸው፤ ጣቢያው እንደገና በጥይት ተበሳሳ፤ ዣን እንደገና ተሰደደ። በ1994 አሪስቲድ በአሜሪካ ጦር ታጅበው ሲመለሱ እሱም ተመለሰ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ዣን ዶሚኒክን አምባገነን የተቃወመ ጀግና ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ጠላትህ ሥልጣን ላይ ሳለ መናገር ትልቅ ድፍረት ነው፤ ሕይወት ያስከፍላል። ቢሆንም ቢያንስ ብቻህን አይደለህም፤ የተበደለው ሁሉ ካንተ ጋር ነው። ወዳጆችህ፣ አብረውህ የተሰደዱት፣ አብረውህ ያለቀሱት ሥልጣን ሲይዙስ? ያን ጊዜ የሚናገር ሰው በሁለቱም ወገን ጠላት ያተርፋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ብሒል የፈጠርን ሕዝብ ነን፤ ድል አድራጊ በድል ማግሥት ምን እንደሚሆን አይጠፋንም። የዣን እውነተኛ ፈተና የተጀመረው በ1994 ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ በእሱ ላይ የሚነሣውን ክስ በቅንነት ልናገር። በ1996 ፕሬዚዳንት የሆኑት ሬኔ ፕሬቫል የቅርብ ወዳጁ ነበሩ፤ እሳቸውም እንደ እሱ የግብርና ባለሙያ ናቸው። ዣን ያማክራቸው ነበር። ተቃዋሚዎቹ «ይህ ሰው ጋዜጠኛ ነው ወይስ የቤተ መንግሥት ሰው?» ይሉ ነበር። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቀን ማይክሮፎን ይዞ ማታ ከፕሬዚዳንት ጋር የሚመክር ሰው አድማጩ ቢጠራጠረው አይፈረድበትም። እኔም በዚህ ነገር አልከላከልለትም፤ መካሪነቱን ትቶት ቢሆን ኖሮ ቃሉ ይበልጥ ይጠራ ነበር። ሀብታሞቹ ደግሞ ከእኛው ወጥቶ ከዳን ይሉታል። በእነሱ ዘንድ ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው ክሪዮል እየመረጠ ስለ ገበሬ መሬት መናገሩ ክህደት ነበር።

ግን ያደረገውን እዩ። በዲሴምበር 1996 አሪስቲድን እዚያው ስቱዲዮው ውስጥ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በፓርቲያቸው ስም ስለሚፈጸመው ሙስና ጠየቃቸው። ሰውየው ያን ጊዜ በሕዝቡ ዘንድ እንደ ነቢይ የሚታዩ ናቸው። ዣንም አንድ ጊዜ የተሰደደው እሳቸውን በመደገፉ ነው። መልሱ ሲሸሽበት ጥያቄውን መልሶ መላልሶ ይጠይቃል። ቅጂው ዛሬም አለ፤ ጋዜጠኝነት የሚማር ሁሉ ቢሰማው እመኛለሁ። በድምፁ ውስጥ ንቀት የለም፤ ሐዘን ግን አለ። ሰው ጠላቱን ሲጠይቅ እንዲህ አያዝንም።

በዚያው ሰሞን የተበከለ የሕፃናት የትኩሳት ሽሮፕ ከ80 በላይ የሄይቲ ሕፃናትን ኩላሊት አበላሽቶ ገደለ። በሽሮፑ ውስጥ የተገኘው ዳይኢቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ ነው። ዣን የዚያን መድኃኒት አምራች ጉዳይ በሬዲዮ አልተው አለ። ባለገንዘቦቹ በዚህም ተቀየሙት። ኦክቶበር 19 ቀን 1999 ደግሞ በስም ጠርቶ ስለ ዳኒ ቱሴ ተናገረ። ሰውየው የቀድሞ የጦር መኮንን፣ ኋላ የፖሊስ ኃላፊ፣ በአሪስቲድ ወገን ሥልጣን ላይ ለመውጣት የሚፎካከር ሰው ነበር። ያ ርዕሰ አንቀጽ ለሥልጣን ሲሉ የአሪስቲድ ንቅናቄ ውስጥ ሰርገው የገቡትን የሚያጋልጥ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ቱሴ ሴናተር ሆነ። ነገሩ እንዳይዛባ አንድ ነገር ልጨምር፤ በኋላ በግድያው ምርመራ ስሙ ሲነሣ እጄ የለበትም ብሎ ክዷል፤ አንድም ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነህ አላለውም።

እዚህ ላይ ከመስመር ወጣ ልበል። ደፋር የሬዲዮ ሰው ስንል ድፍረት ብቻውን የሚመሰገን ይመስላል። ዣን በተገደለ በሁለተኛው ወር፣ ጁን 1 ቀን 2000፣ አሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ የሩዋንዳ ፍርድ ቤት ጆርጅ ሩጂዩ የተባለ ቤልጅየማዊ የሬዲዮ አቅራቢ ላይ የ12 ዓመት እስራት ፈረደ። በ1994 በሚሊ ኮሊን ሬዲዮ ተቀምጦ ለግድያ ሲቀሰቅስ እንደነበር ራሱ አምኗል። ያ ጣቢያ ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ይጠራ ነበር። በሕዝቡ ቋንቋ ይናገራል፤ ይቀልዳል፤ አድማጭ በስልክ ያስገባል፤ ደፋርም ነበር። ከሄይቲ-ኢንተር የሚለየው የሚናገረው ወደ ማን እንደሆነ ነው። ዣን ድምፁን ያነሣው ጠመንጃ በያዘው ላይ ነው። እነዚያ ግን ለጠመንጃ ያዡ በር እየጠቆሙ ነበር። በየዲያስፖራው፣ በየስቱዲዮው፣ በየስልካችን ማይክሮፎን የያዝን ሁሉ በየምሽቱ ራሳችንን ልንጠይቅ የሚገባን ይህን ይመስለኛል፦ ዛሬ የጠራሁት ስም የማን ነው? ነገ ጠዋት ቤቱን የሚያንኳኳበትስ ማን ነው?

ወደ ዣን ልመለስ።

ኤፕሪል 3 ቀን 2000 ሰኞ ነበር። ሌላ ጊዜ ባልና ሚስቱ በአንድ መኪና ነው የሚመጡት። ያን ቀን ዣን ቀደም ብሎ ብቻውን ወጣ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ የአንድ ሰዓቱን ዜና ሊያዘጋጅ ግቢው ውስጥ ከመኪናው ሲወርድ ተኮሱበት። የጣቢያው ሠራተኛ ዣን ክሎድ ሉዊሴም አብሮ ተገደለ። የዚህን ሰው ስም ማንም አይጠራውምና እኔ ልጥራው። ሚሼል ጥቂት ደቂቃ ዘግይታ ስትደርስ ባሏ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። ዕድሜው 69 ነበር።

መንግሥት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። የቀብር ሥነ ሥርዓቱ በዋና ከተማዋ ስታዲየም ተደረገ፤ ገበሬዎች የገለባ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ከየገጠሩ መጡ። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በአርቲቦኒት ወንዝ ላይ ተበተነ። ወንዙ የሚያጠጣው የእነዚያን በእሱ ጣቢያ የተሰሙትን ሩዝ አምራቾች ማሳ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ሜይ 3 ቀን፣ በዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን፣ ሚሼል ጣቢያውን ከፈተች። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ዜናዋን የምትጀምረው ለባሏ «እንደምን አደርህ ዣን» ብላ ሰላምታ በመስጠት ነበር። በየማለዳው፣ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ። ገዳዩ እስኪያዝ የሞተውን ሰው አድማጩ እንዳይረሳው ነው። ይህን ስሰማ የእኛ አልቃሾች ሟቹን በስሙ እየጠሩ የሚያነጋግሩት ትዝ ይለኛል።

በምርመራው የሆነውን ልንገራችሁና ልጨርስ፤ ከግድያው የማይተናነስ በደል ነው። ከተጠረጠሩት አንዱ በተያዘ በሳምንታት ውስጥ ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ገብቶ ሞተ። አስከሬኑ ሊመረመር ሲባል ከሬሳ ቤት ጠፋ። ሌላው ተጠርጣሪ በ2001 በፖሊስ እጅ እያለ መንጋ ወጥቶ ገደለው። መርማሪ ዳኛው ክሎዲ ጋሳን ዛቻ ሲበረታበት በ2002 መጀመሪያ አገር ጥሎ ተሰደደ። ሴኔቱ የአባሉን የቱሴን ያለመከሰስ መብት አላነሣም አለ። በ2002 የገና ዕለት ታጣቂዎች የሚሼል ቤት ድረስ መጥተው ጠባቂዋን ማክሲም ሴይድን ገደሉት። በሠራተኞቿ ነፍስ መፍረድ ስላልቻለች በፌብሩዋሪ 2003 ሄይቲ-ኢንተርን ዘግታ ኒውዮርክ ገባች። ዱቫሊዬ በጉልበት የዘጋውን፣ ጦሩ በጥይት የዘጋውን ጣቢያ፣ ነፃ አወጣን ያሉት ሰዎች በገዙበት ዘመን በገዛ እጇ ቆለፈችው። ወዳጁ ፕሬቫል በ2006 ለሁለተኛ ጊዜ ፕሬዚዳንት ሆነው አምስት ዓመት ገዙ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፍርድ አልመጣም። በጃንዋሪ 2014 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ አንዲት የቀድሞ ሴናተርን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች እንዲከሰሱ ወሰነ። ያም ወረቀት ላይ ቀረ።

ሚሼል ተስፋ አልቆረጠችም። ከ2007 እስከ 2009 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የባን ኪ ሙን ቃል አቀባይ ሆና አገለገለች። በኋላም ከወረራ የተረፉትን የጣቢያውን ቴፖችና ካሴቶች ሰብስባ በአሜሪካ ለዱክ ዩኒቨርሲቲ ሰጠች። ተጠግነው ወደ ዲጂታል ተቀይረው ዛሬ ማንም ሰው በነፃ ሊሰማቸው ይችላል። የገበሬዎቹ ድምፅ አለ፤ የገበያተኛዎቹ አለ፤ የአሪስቲድ ቃለ ምልልስ አለ።

ዣን ዶሚኒክ ከተገደለ ሃያ አምስት ዓመት አልፏል። ግደሉት ብሎ ያዘዘው ሰው እስከ ዛሬ አልተፈረደበትም።